ከኮቪድ በኋላ የማይለቅ ድካም፦ የሰውነት መከላከያ ደክሞ ነው ወይስ አልተኛም ብሎ?

ሲስተር ዘሐይቅ (ጠያቂ)

እንደምን ዋላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ሎንግ ኮቪድ፣ ኮቪድ ካለፈ በኋላ ለወራት ስለሚቆየው ሕመም ነው። ጤና ጣቢያ የሚመጡት ሰዎች አቤቱታ ተመሳሳይ ነው። ትኩሳቱና ሳሉ ከለቀቃቸው ወራት አልፈዋል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ውሃ ከቀዱ ወይም ሊጥ ካቦኩ በማግስቱ አልጋ ላይ ይውላሉ። ብድግ ሲሉ ልባቸው ይደልቃል፣ የጀመሩት ወሬ መሃል ላይ ይጠፋባቸዋል። ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ)፣ ኢኤስአር (ቀይ የደም ሴል በቱቦ ውስጥ የሚወርድበት ፍጥነት) እና ስኳር ይሠራል፤ ውጤቱ "ደህና" ነው።

ቤተሰብ ግማሹ ምች ነው ይላል፣ ግማሹ ግርሻ ነው ይላል። አንዱ መድኃኒት ቤት "የመከላከል አቅምህ ወርዷል" ብሎ ቫይታሚን ይሰጣል፣ ሌላው ዴክሳ (ዴክሳሜታሶን የሚባለውን ስቴሮይድ) ይሰጣል። እኔን ግራ ያጋባኝ ይኼ ነው፤ ቫይታሚኑ መከላከያውን ለማንሳት ነው፣ ዴክሳው ለማስተኛት። ሁለቱ እንዴት ለአንድ በሽታ ይታዘዛሉ? የመከላከያው ሥርዓት በእርግጥ ምን ሆኖ ነው? ላቦራቶሪው ለምን አያሳየውም? ደግሞስ ውድ ምርመራ በሌለበት እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

ቦርከና

ሲስተር፣ ያሳሳተሽ "ወይስ" የምትለዋ ቃል ናት። የሰውነት መከላከያ እንደ ጋን የሚሞላና የሚጎድል አንድ ነገር አይደለም። በአንድ ታማሚ ሰውነት ውስጥ አንዱ ክፍል ሳያርፍ ሲጮህ፣ ሌላው ዝሎ ሲቀመጥ፣ ሦስተኛው የተሳሳተ በር ሲያንኳኳ ይገኛል። ሎንግ ኮቪድ አንድ መንስኤ ያለው አንድ በሽታ አይመስልም፤ ቢያንስ አራት መንገዶች አሉ፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ሁለት ሦስቱ ይደራረባሉ።

ከግርሻ ልጀምር፤ የቤተሰቡ ግምት እንደሚባለው የዋህ አይደለም። በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት የሚመላለሰው ባክቴሪያው የላይ ልብሱን እየቀየረ ፀረ እንግዳ አካሎቻችንን ስለሚያታልል ነው። የኮቪድ ጉዳይ እንዲያ ባይሆንም "ሙሉ በሙሉ አልወጣም ይሆን?" የሚለው ጥርጣሬ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ኮቪድ ከያዛቸው ሰዎች ውስጥ ከ4 ወር በኋላ 12.7 በመቶ፣ ከ7 ወር በኋላ 3.8 በመቶ የሚሆኑት በሰገራቸው የቫይረሱን አር ኤን ኤ (የዘር ቅንጣት) ያወጡ ነበር። በጉሮሯቸው ግን ምንም አልነበረም። በሌሎች ጥናቶች ደግሞ ስፓይክ የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ከአንዳንድ ታማሚዎች ደም ውስጥ እስከ ዓመት ድረስ ተገኝቷል። ይህ ሕያው ቫይረስ ነው ወይስ ቁርጥራጭ የሚለው ገና እያከራከረ ነው።

ቁርጥራጭም ቢሆን ግን በቂ ነው። ቦሩ ሜዳ የሥጋ ደዌ ሕክምና ያየ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። ታማሚው የ12 ወር መድኃኒቱን ጨርሷል፣ ባሲሉ (የሥጋ ደዌው ባክቴሪያ) ሞቷል፤ ከወራት በኋላ ግን ቆዳው ላይ የሚያምሙ እብጠቶች ይወጣሉ፣ ትኩሳት ይነሳል፣ ነርቭ ይቆጣል። መድኃኒቱ ስላልሠራ አይደለም። የሞተው ባሲል ስባሪ በሥጋ ውስጥ ስለቀረ መከላከያው ከሬሳ ጋር እየተጣላ ነው። በሎንግ ኮቪድ የመጀመሪያው መንገድ ይኼ ነው ተብሎ ይታሰባል። የሲድኒ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳዩት ሎንግ ኮቪድ ባለባቸው ሰዎች ኢንተርፌሮን ቤታና ላምዳ አንድ ከ8 ወር በኋላም ከፍ እንዳሉ ነበሩ። ኢንተርፌሮን ማለት ሴል "ቫይረስ ገባ!" ብሎ ለጎረቤት የሚያሰማው ጩኸት ነው። ጉንፋን ሲይዘን ሰውነት የሚቆራረጠው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለን በእርሱና በዘመዶቹ ምክንያት ነው። ወራት ሙሉ ሲጮህ የሚኖር ሰው ያለ ትኩሳት የጉንፋን ድካም ይደክማል።

ሁለተኛው መንገድ የራስን አካል መምታት ነው። ምሳሌው ቶንሲልና ልብ ነው። የጉሮሮ ስትሬፕቶኮከስ ከለቀቀ ከ2 እና 3 ሳምንት በኋላ ፀረ እንግዳ አካሉ የልብን በሮች ባክቴሪያው መስለውት ይመታቸዋል። በሎንግ ኮቪድ እንዲህ ያለ አንድ የተረጋገጠ ዒላማ አልተገኘም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2024 በአምስተርዳምና በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ የወጡ ሥራዎች የታማሚዎችን አይጂጂ (አንድ የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት) ወደ አይጥ ሲያስገቡ አይጦቹ ሕመም በቶሎ የሚሰማቸው ሆኑ። ይህ ማለት ቢያንስ በአንዳንዶቹ ጥፋቱ ከደም ጋር ሊተላለፍ ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ተኝቶ የነበረን ቫይረስ መቀስቀስ ነው። የልጅነት ጉድፍ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ከርሞ ዕድሜ ሲገፋ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ እንደሚነሳው ሁሉ፣ ኢቢቪ (ኤፕስታይን ባር) የሚባለውን ቫይረስ ሁላችንም ማለት ይቻላል ፀረ እንግዳ አካል በሚሠሩት ቢ ሴሎቻችን ውስጥ ይዘነው እንኖራለን። ቫይረስ የያዘ ሴልን የሚቆጣጠሩት ቲ ሴሎች ዓይናቸውን ከእርሱ ላይ ሲያነሱ ይነቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የዬል ጥናት ዝለው የቀሩ ቲ ሴሎችንና ለኢቢቪ የጨመረ ምላሽን አብሮ አግኝቷል። ያው ጥናት ኮርቲዞል (ሰውነት ራሱ የሚሠራው ስቴሮይድ) ወደ ግማሽ ወርዶ አግኝቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡ አንዳንድ ጥናቶች ግን አልደገሙትም፣ ስለዚህ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ስቴሮይድ መስጠት ጥድፊያ ነው።

አራተኛው ኮምፕሊመንት ነው። ኮምፕሊመንት በደም ውስጥ ተራ ጠብቀው የሚነካኩ ፕሮቲኖች ሰንሰለት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ተሰብስበው የጀርሙን ግድግዳ ይበሱታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የወጣው የዙሪክ ጥናት 113 የኮቪድ ታማሚዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ሎንግ ኮቪድ የያዛቸው ላይ ይህ የመጨረሻ ደረጃ እንዳልተዘጋ አይቷል። መብሻው በጀርም ፈንታ የደም ሥርን የውስጥ ገበርና ቀይ የደም ሴልን ይነካል፤ ገበሩ ሲጎዳ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ይጣበቃል፣ ደም ወደ መርጋት ያዘነብላል።

ስለዚህ "አንሳው" ባዩም "አስተኛው" ባዩም የሚናገሩት የትኛው መንገድ እንደሆነ ሳያውቁ ነው።

ላብ ከመርሳ

ላቦራቶሪው ለምን አያሳይም ላልሽው፦ ሲቢሲ እንደ በረት ቆጠራ ነው። ስንት በግ እንዳለ ይነግርሻል፤ የትኛው እንዳነከሰ አይነግርሽም። ቦርከና የጠቀሳቸው ልኬቶች አብዛኞቹ የምርምር ቤት ሥራ ናቸው፣ ሎንግ ኮቪድን ለመለየት ተብለው በመደበኛ ሕክምና አይታዘዙም። "የሎንግ ኮቪድ ምርመራ" የሚባል ነገር የለም፤ አለ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ካለ አትላኪለት። የኮቪድ ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ሰውየው ቫይረሱን ወይም ክትባቱን ማግኘቱን ብቻ ነው የሚናገረው። የኢቢቪ አይጂጂ ፖዘቲቭ ሆነ ማለትም ምንም አይደለም፣ ከጎኑ የተሰለፈው ጤነኛም ፖዘቲቭ ነው።

"ደህና ነው" የሚለው ውጤት ራሱ ግን መፈተሽ አለበት። በእኛ አገር ሁለት ቦታ ይሳሳታል።

አንደኛው ሄሞግሎቢን ነው። ለሴት 12 ግራም በዴሲሊትር የሚለው ወሰን የባሕር ጠረፍ ነው። በደሴ ከፍታ፣ ወደ 2500 ሜትር ላይ፣ ወሰኑ ከ1 ግራም በላይ መጨመር አለበት። ስለዚህ ደሴ ወይም ኩታበር የምትኖር ሴት 12.4 ካላት ወረቀቱ "መደበኛ" ይላል፣ እርሷ ግን ደም አንሷታል። ድካሟም ልብ መምታቷም ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ ደግሞም ይታከማል።

ሁለተኛው ኢኤስአር። ቱቦው ትንሽ ከተዘመመ ቀይ ሴሎቹ በግድግዳው ተንሸራተው ቶሎ ይወርዳሉ፣ ቁጥሩ በሐሰት ይጨምራል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር ማቆምም ያፈጥነዋል። ደሙ ከተቀዳ ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየ ደግሞ በተቃራኒው በሐሰት ይወርዳል። ልክ በ60ኛው ደቂቃ ይነበብ፤ "ሻይ ጠጥቼ ልምጣ" 80 ደቂቃ ሆኖ ተመዝግቦ ይገኛል።

ጦሳ 2500

ከቦርከናም ከመርሳም ጋር እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው አልጋው አጠገብ የሚሠራውን ነው።

በመጀመሪያ ስሙን አትቸኩሉበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ያወጣው ትርጉም፣ ምልክቱ በአብዛኛው ኮቪድ በያዘ በ3 ወር ውስጥ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የቆየ፣ በሌላ በሽታ የማይገለጽ ይላል። ክብደቱ ያለው መጨረሻዋ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ያ "ሌላ በሽታ" ብዙ ነው፦ ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል ካለ ቲቢ በጂን ኤክስፐርት (የአክታ ምርመራ)፣ የአንገት እንቅርት ካለ ታይሮይድ፣ ልብ ላይ ድምፅ ከተሰማ የልብ በር፣ ኤችአይቪ፣ ከሐርቡና ከከሚሴ ቆላ የመጣ ሰው ከሆነ ወባ። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ የአንድ እግር እብጠት፣ ደረት ላይ የሚወጋ ሕመም ካለ ሎንግ ኮቪድ ነው ብላችሁ አትመልሱት።

ከዚያ የመቆም ምርመራ። የሚያስፈልገው የደም ግፊት መለኪያ፣ ሰዓትና ግድግዳ ብቻ ነው። ጠዋት፣ ቡና ሳይጠጣ፣ ጫት ካለፈው ቀን ጀምሮ ሳይቃም ይሠራ፤ የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞልና የልብ ምት የሚቀንሰው ፕሮፕራኖሎልም ውጤቱን ያበላሻሉ። 10 ደቂቃ በጀርባው ይተኛ፣ ሳያወራ። የልብ ምትና ግፊት ሁለቴ ይለካ። ከዚያ ይቁም፤ ተረከዙ ከግድግዳው 15 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ ትከሻው ብቻ ግድግዳውን ይነካ። እግሩን እንዳያወዛውዝ፣ የባት ጡንቻ ሲኮማተር ደሙን ወደ ላይ እየገፋ ችግሩን ይደብቃል። በየደቂቃው እስከ 10 ደቂቃ ይለካ። አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም፣ ዓይኑ ከጨለመበት ወዲያው ያስተኛው።

ንባቡ እንዲህ ነው። ግፊቱ ሳይወርድ የልብ ምቱ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ ከቆየ (ከ12 እስከ 19 ዓመት ላሉት በ40) ፖትስ የሚባለውን፣ ሲቆሙ የልብ ምት ያለልክ የሚጨምርበትን ችግር፣ ጠርጥሩ። የላይኛው ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሌላ ነገር ነው፤ የውሃ ማነስን፣ ደም ማነስንና መድኃኒትን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ስህተት 2ኛው ደቂቃ ላይ "ደህና ነው" ብሎ ማቆም ነው። የአንዳንዱ ሰው ምት የሚያሻቅበው ከ6ኛው ደቂቃ በኋላ ነው።

በጣት ኦክስጅን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር ላይም አትደንግጡ። ደሴ ላይ ጤነኛ ሰው ከ92 እስከ 96 ቢያነብ የሚያስገርም አይደለም፤ ኮምቦልቻ ሲወርድ ቁጥሩ ይጨምራል። ጠዋት በብርድ የደነዘዘ ጣት አሳንሶ ያነባል፣ ጥቁር ሂና የተቀባ ጥፍርም እንዲሁ ያሳስታል፤ ጣቱን አሙቁ ወይም የጆሮ ጫፍ ተጠቀሙ። የሚያሳስበው በራሱ መነሻ ላይ ትንሽ ተራምዶ በ3 ወይም በ4 የሚወርድ ሰው ነው። እርሱ ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ፋርማሲስት ዘቃሉ

አብሽሪ ሲስተር፣ የዴክሳውን ነገር እኔ ልመልስ።

ዴክሳሜታሶን ለኮቪድ የገባው በእንግሊዙ ሪከቨሪ ጥናት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020። በቀን 6 ሚሊ ግራም፣ እስከ 10 ቀን፣ ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ሰው። ኦክስጅን ለማያስፈልገው በዚያው ጥናት ጥቅም አላሳየም። ለሎንግ ኮቪድ ደግሞ መደበኛ ሕክምና አይደለም። የሚያታልለው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውን ማንቃቱ ነው፤ ምግብ ይበላል፣ ይስቃል፣ "ዳንኩ" ይላል። ከዚያ ሲቆም ይወድቃል፣ ተመልሶ ይገዛል።

እዚህ አገር ሁለት ነገር ያስፈራል። ተኝቶ የነበረ ቲቢ ይነሳል፤ ድካሙ መጀመሪያም ከቲቢ ከነበረ ደግሞ ምልክቱ ተሸፍኖ ይባባሳል። ሌላው ስትሮንጊሎይደስ የሚባለው የአንጀት ትል ነው። ይህ ትል ሰውነት ውስጥ ራሱን እያራባ ዓመታት ይኖራል፣ በስቴሮይድ ጊዜ መከላከያው ሲተኛ ወደ ሳንባና ደም ይዘምታል። አንድ ዙር አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ለወስፋት ቢበቃም ለእርሱ አይበቃም፤ ትክክለኛው መድኃኒት አይቨርሜክቲን ነው። ከ3 ሳምንት በላይ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው ካጋጠመ በአንድ ቀን አይቁም፣ ቀስ እየተቀነሰ ነው።

ፀረ ቫይረስስ? ቅሪቱ ነው ጥፋተኛው ከተባለ ፓክስሎቪድ መሥራት ነበረበት። ስታንፎርድ ለ155 ሰዎች ለ15 ቀን ሞከረው፣ ከባዶው ክኒን አልተሻለም። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ተስፋ አሳይቷል፣ ግን ኮቪዱ ገና እንደያዘ ሲጀመር ነው፤ 1126 ሰዎች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ሎንግ ኮቪድ ከ10.4 ወደ 6.3 በመቶ ወርዷል። ዓመት ያለፈው ታማሚ ይህን ሰምቶ ሜትፎርሚን ቢጠይቅ ማስረጃው የእርሱ አይደለም።

ቫይታሚኑን በተመለከተ፣ ጉድለት ከሌለ ቢ12 መርፌ ቀዩ ቀለሙ ብቻ ነው። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዳማከሴውን ማንም አይከለክልም፤ ግን "መከላከያን ያነሳል" ተብሎ ከተሸጠ፣ ኢንተርፌሮኑ ከፍ ብሎ ለሚሰቃይ ሰው ማንሳቱ ለምኑ ነው?

ሲስተር ዘሐይቅ

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዶክተር ጦሳ፣ ምቱ በ30 የጨመረ ሰው ሲገኝስ? ደግሞ "እየሠራህ ልመደው" ማለት የለመድነው ምክር ነው፤ ልክ ነው?

ጦሳ 2500

ፖትስ ከሆነ፣ ግፊት፣ ኩላሊትና የልብ ድካም ከሌለበት፣ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽና ጨው ጨመር ያለ ምግብ። ለምለም (ኦ አር ኤስ) አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር በጥብጦ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርድ ግማሹን መጠጣት ቀላሉ መንገድ ነው። ቡና በጨው የሚጠጣበት አካባቢ ጨዋታው ደስ ይላል፣ ግን ቡናው ራሱ ምት ይጨምራል፤ ከአቦል በላይ አይሂዱ። ጥብቅ ካልሲ ባት ብቻ ሳይሆን ጭንና ሆድ ሲይዝ ነው የሚረዳው። ረመዳን ላይ ሲቆም የሚወድቅ ሰው ከሆነ ለበሽተኛ የተፈቀደውን አስታውሱት፣ ሲሻለው ቀዷውን ያወጣል። የክርስቲያን ጾም ላይ ደግሞ ምግቡ ሳይሆን ውሃ ሳይቀመስ እስከ ከሰዓት የሚቆየው ነው የሚጥለው።

"ልመደው" ግን ለሁሉም አይሆንም። ከሥራ በኋላ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን የሚወድቅ ሰው ከሆነ ይጎዳዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የታተመው የአምስተርዳም ጥናት 25 ታማሚዎችን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብስክሌት አስነዳ፣ ከመንዳታቸው አንድ ሳምንት በፊትና በማግስቱ የጭን ጡንቻ ናሙና ወሰደ። በማግስቱ የማይቶኮንድሪያው (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ሥራ ወርዷል፣ ጡንቻው ውስጥ ጉዳትና ሰርገው የገቡ የመከላከያ ሴሎች ታይተዋል። ስንፍና የሚለው ሰው ይህን ያንብብ።

ስለዚህ ቀን መቁጠሪያ ላይ የወደቀበትን ቀን ያክብበት፣ ከዚያ ከ12 እስከ 72 ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥሮ ምን ሠርቶ እንደነበር ይጻፍ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወሰኑ ይታያል። ያንን ወሰን ሳይነካ መኖር ነው ሕክምናው፤ ደህና በሆነበት ቀንም ጭምር። ደህና ቀን ላይ የከረመውን ሥራ ሁሉ መጨረስ ነው ሁሉንም የሚጥለው።

ለሴቶቹ በተለይ የምጣዱን ነገር አንሱላቸው። ሙቀቱ የቆዳ ደም ሥርን ይከፍታል፣ ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ ስለዚህ መጋገር እንዲያው ከመቆምም በላይ ያደክማል። ማቡካት አንድ ቀን፣ አብሲት መጣል ሌላ፣ መጋገር በሌላ ሰው፤ ካልተቻለ ከአምስት ስድስት እንጀራ በኋላ እግርን ከፍ አድርጎ ሩብ ሰዓት ጋደም። ውሃው በ20 ሊትር ጀሪካን ሳይሆን በ5 ሊትሩ።

ቦርከና

አንድ ነገር ልጨምር፣ ታማሚዎቹ የሚጠይቁት እርሱን ስለሆነ። ያው የሲድኒ ቡድን ሰዎቹን እስከ 2 ዓመት ተከታትሏቸዋል፤ ከፍ ብለው ከነበሩት የመከላከያ ልኬቶች አብዛኞቹ ወደ መደበኛው ተመልሰዋል፣ ከግማሽ በላይ ታማሚዎችም ኑሯቸው ተሻሽሏል። ሁሉም አይደሉም።

ላብ ከመርሳ

ሲስተር፣ ሄሞግሎቢኑን ስትጽፊ ከቁጥሩ ጎን የሚኖሩበትን ቀበሌ ጻፊልን። ሐይቅና ኩታበር አንድ ወሰን የላቸውም፣ እኛ ወረቀቱ ላይ ካላየነው አናርመውም።